ሰባት ሜትር በቁሐር መወጣጫ ላይ

ባለፈው ዓመት፣ ጥምቀት አልፎ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ሁለት ወጣት መሐንዲሶች ወረታ ቤቴ ድረስ መጡ። አሮጌውን መንገድ ሊያሰፉ ነው። ከአንድ ግምጃ ቤት ያገኙትን የቆየ ንድፍ በላስቲክ ጠቅልለው ይዘዋል። ከታች በቀኝ በኩል፣ «ሣለች» ከሚለው ቃል አጠገብ፣ የእኔ ስም አለ።

ልጅቱ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ፣ «እማማ ትርንጎ፣ እዚህ ቁሐር ሚካኤል ላይ ያለው መወጣጫ ሁለት ጊዜ ነው የተሣለው። የተሠራው የትኛው ነው?» አለችኝ።

«ሁለቱም» አልኳት። «አንዱ ፈርሶ ሌላው ተሠራ።»

«ለምን ፈረሰ?»

«ውሃ ይተኛበት ነበር።»

ከዚያ በላይ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልጨመርኩም። ጓደኛዋ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ መወጣጫ እንዴት እንደሚሠሩ አሳየኝ። መስመሩን ያዝ አድርጎ ሲስበው ቁጥሮቹ ሁሉ አብረው ይለወጣሉ። ውሃ የሚተኛበት ቦታ በቀይ ይበራል። ሻይ ጠጥተው፣ አመስግነውኝ ሄዱ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ወረቀት ከዓይኔ ማውጣት ስላልቻልኩ ይህን ለመጻፍ ተቀመጥኩ።

ሥራ የጀመርኩት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤቴ ለዩኒቨርሲቲ ሳይበቃ ሲቀር ነው። አዲስ አበባ መንገድ መሥሪያ ቤት የንድፍ ገልባጭ ሆኜ ተቀጠርኩ። ሥራው መሐንዲስ በእርሳስ የሣለውን በብርሃን አሳላፊ ወረቀት ላይ በቀለም መገልበጥ ነው። ዘጠኝ ወር እንዲህ ስገለብጥ ቆይቼ ደሴ ተመደብኩ። የደሴው አለቃችን ሴት ወደ መስክ አትወጣም ባይ ስለ ነበረ ሁለት ዓመት ሙሉ ተራራውን በመስኮት እያየሁ የተራራውን መንገድ ሣልኩ። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለእናቴ ከምልከው አይተርፍም ነበር፤ ያን ጊዜ የማንም አይተርፍም። ደርግ በመጣ በጥቂት ዓመት ወረታ ላይ የመንገድ ጽሕፈት ቤት ሲከፈት ልሂድ ብዬ ጠየቅኩ። አባቴ የፎገራ ሰው ነው፤ አገሩንም ቋንቋውንም አውቀዋለሁ።

ወረታ ላይ ያገኘኋቸው ጋሼ ታፈሰን ነው። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ትምህርታቸው ከእኔ ያነሰ ነበር፤ በልጅነታቸው ከቀያሾች ጋር ዘንግ ይዘው ሲዞሩ ነው የተማሩት። ሱሪያቸውን ሁልጊዜ እስከ ባታቸው ይጠቀልላሉ፣ ቢሮ ውስጥም ቢሆን። እርሳስ የሚቀርጹት በምላጭ ነው፤ ፍቅፋቂው ንድፉን እንዳያጠቁር ክብሪት ቤት ውስጥ ያጠራቅሙታል። ቀለም ሲሳሳቱ በላጲስ አያጠፉም። ምላጩን አጋድመው ወረቀቱን ሳይበሱ ቀለሙን ብቻ ይፍቁታል፤ ከዚያ ቦታውን በጥፍራቸው ያለሰልሱታል። እኔ ይህን ለመልመድ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ሁለት ልማድ ነበራቸው። አንደኛው፣ የከፍታ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ወደ መስክ ከመውጣቱ በፊት ጀርባቸውን ይሰጡኝና «ሦስተኛውን አንብቢ» ይሉኛል። ሦስተኛውን፣ ስድስተኛውን፣ ዘጠነኛውን መስመር ሳነብላቸው ወረቀቱን ሳያዩ ከራሳቸው ሒሳብ ጋር ያስተያያሉ። ካልገጠመ «ድገሚው» እንጂ ሌላ ቃል አይወጣቸውም። ሁለተኛው ልማዳቸው ጥያቄ ነበር። የትኛውንም መንገድ ስናቀርብላቸው «ውሃው የት ነው የሚተኛው?» ይላሉ። መልሱን በጣቴ ካላሳየሁ አይፈርሙም።

ቢሮው አንድ የሒሳብ ማሽን ነበረው፤ የምንጠቀመው ሁለታችን ብቻ ነበርን። የመንገዱን የመጀመሪያ ጥናት የሠሩት የውጭ አገር ሰዎች ትተውት የሄዱት ነው፤ የጽሕፈት መኪና ያክላል። ፕሮግራሙ ያለው ጣት በምታክል ካርድ ላይ ነው። ካርዷ በጎን ስትገባ ማሽኑ ትንሽ ያጉረመርምና ቁጥር ይጠይቃል፤ መልሱን በቀጭን ጥቅል ወረቀት ላይ ያትማል። ለዋናው መንገድ ግሩም ነበር። ችግሩ ፕሮግራሙ የተጻፈው ለዋናው መንገድ ብቻ መሆኑ ነው። መወጣጫ የሚባል ነገር አያውቅም።

መወጣጫ ምን እንደ ሆነ መናገር አለብኝ። የፎገራ ሜዳ ክረምት ውሃ ይተኛበታል። ስለዚህ ዋናው መንገድ የሚሄደው ከመሬት ሁለት ሦስት ሜትር ከፍ ባለ የአፈር ድልድል ላይ ነው። ከመንደሩ ወደ ድልድሉ የሚያወጣው አጭር መንገድ መወጣጫ ይባላል። ባለ መኪና ልብ ብሎም አያየው። የቁሐር ሰው ግን ርብና ጉማራ ወንዞች ሲሞሉ ከብቱን የሚያተርፈው በዚያ ነው። ሌላ ደረቅ ቦታ የለም።

ማሽኑ የሚያውቀው የመንገዱን መሐል ነው፤ መወጣጫ ግን የሚጀምረው ከመንገዱ ጠርዝ ነው። ጠርዙ ከመሐሉ ዝቅ ስለሚል ልዩነቱን ቀድመን በእጅ አስልተን እንቀንሳለን። ከዚህ የከፋ ግን ነበር። ቁልቁለትና ዳገት የሚገናኙበት ቦታ በጥምዝ ነው የሚለሰልሰው፤ ፕሮግራሙ ከስድሳ ሜትር ያጠረ ጥምዝ አይቀበልም። አልቀበልም ብሎ ቢናገር ጥሩ ነበር። አርባ ብትሰጠው ዝም ብሎ ስድሳ አድርጎ ያሰላና መልሱን ያትምልሃል። ይህን ያገኙት ጋሼ ታፈሰ ናቸው፤ በሦስተኛው መስመር።

መላውንም ያገኙት እሳቸው ናቸው። ርቀቱንም ከፍታውንም በአሥር እናባዛለን። አርባው አራት መቶ ይሆናል፤ ማሽኑ ደስ ብሎት ይቀበላል። ተዳፋቱ አይለወጥም፤ ሁለቱም በእኩል ስላደጉ። መልሱ ሲወጣ መልሰን ለአሥር እናካፍለዋለን። የሚያትመው በየሃያ ሜትሩ ስለ ነበረ፣ በዚህ መንገድ በየሁለት ሜትሩ ሆኖ ይወጣልናል። ጋሼ ታፈሰ ይህን ሲያዩ የሳቁትን ሳቅ አስታውሳለሁ፤ ብዙ የሚስቁ ሰው አልነበሩም። ጉዳቱ አንድ ነው፤ ወረቀቱን አሥር እጥፍ ይበላል። ያ ጥቅል ወረቀት ደግሞ አገር ውስጥ አይገኝም።

የቁሐርን መወጣጫ የሠራነው የወረታ ዓመታቴ ወደ ማለቂያቸው ሲቃረቡ ነው። ኃላፊያችን ጓድ ፈቃደ ይባላል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የተጣደፈ ሰው ነበር። ሰኔ ሳይገባ አምስት መወጣጫ እንዲያልቅ ከላይ ታዟል፤ የቀረን ወረቀት ደግሞ አንድ ጥቅል ብቻ ነው። በዚያው ሳምንት ጋሼ ታፈሰ ወባ ያዛቸውና ደብረ ታቦር ሆስፒታል ገቡ።

የቁሐሩን ጥምዝ መጀመሪያ ስድሳ ሜትር አድርጌ ነበር የሣልኩት። ስድሳ ስለ ሆነ ማባዛት አላስፈለገም፤ እንዲያው አሠራሁት። ወረቀቱ ገና ቢሮ ሳለ አንድ ገበሬ መጣ። አያ ይርዳው ይባላል፤ ቤቱ ከመወጣጫው ሥር ነው። ሚስቱ ውዴ ለቀያሾቻችን እርጎ ታመጣ ስለ ነበር እናውቃቸዋለን። አሥራ አንድ ከብት አለው፤ ሁሉም የፎገራ ዘር፣ ሆዳቸው የሰፋ፣ ወተታም። ከበሩ ላይ ቆሞ ማሽኑን አየ።

«መንገድ የምትሠራው ይቺ ናት?»

«እሷ ናት» አልኩት።

«ምን ትበላለች?»

«ወረቀት።»

«ከእኛ ሊቀ መንበር ጋር አንድ ናት በይኛ» አለ። ዘበኛው ሊስቅ ሲል ዙሪያውን አየና ተወው። አያ ይርዳው ግን የመጣው ለቀልድ አልነበረም። ባርኔጣውን አውልቆ ጠጋ አለ። «እታለም፣ ቱቦውን የምትቀብሩበት ቦታ ላይ ችካል አይቻለሁ። ውሃው በዚያ አይሄድም። እኔ እዚያ ነው የሸበትኩ። ውሃው ወደ መንገዱ ቀረብ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ከሾላዋ ወዲህ። እዚያ ላይ ካልቀበራችሁት መወጣጫው ላይ ይተኛል። ዋልካው ከራሰ ደግሞ በሬ ይውጣል።»

«እንሄድና አሳየኝ» አልኩት።

አብረን ሄድን። እውነቱን ነበር። የደረቀው ደለልና የተኛው ሣር ካለፈው ክረምት የቀረውን የውሃ መንገድ ያሳያል፤ ከእኔ ችካል ሰባት ሜትር ያህል ወደ ድልድሉ ቀረብ ይላል። በጭራሽ አልተከራከርኩትም። «አስተካክለዋለሁ» አልኩት። «ቃልሽ ነው?» አለኝ። «ቃሌ ነው።»

ቱቦው ሰባት ሜትር ከመጣ የመወጣጫው ዝቅተኛ ቦታም፣ ከመንደሩ የሚወርደውና ወደ ድልድሉ የሚወጣው የሚገናኙበት፣ አብሮ መምጣት አለበት፤ ውሃው ወርዶ ቱቦው አፍ ላይ እንዲያርፍ። ለዚህ ጥምዙን ከስድሳ ወደ አርባ ማሳጠር በቂ ነበር። ንድፉን በእጄ፣ በአርባ፣ እንደገና ሣልኩት። ቱቦ ቀባሪዎቹ የወሰዱት ይህንን ንድፍ ነው። አፈር የሚሞሉት ግን የሚሠሩት በማሽኑ የከፍታ ወረቀት ነው፤ ስለዚህ ማሽኑ ላይ ተቀመጥኩ። የፊተኛው ሒሳብ ሳይባዛ ነው የተሠራው። ወረቀቱ አንድ ጥቅል ነው፣ ሌላ አራት መወጣጫ አለ፣ ጓድ ፈቃደ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ከሚገቡት ቁጥሮች ስድሳዋን ብቻ አጥፍቼ አርባ አደረግኩ። ማሽኑ አጉረመረመ፣ አተመ። ቀድጄ ሰጠሁት። ፈርሞ ላከው።

ከስድሳ በታች እንደማይቀበል አውቅ ነበር። ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ይህን ስጽፍ ሰበብ አልፈልግም።

የፊተኛውን ወረቀት ከአዲሱ አጠገብ ባስቀምጠው ኖሮ ቁጥሩ አንድ መሆኑን ልጅ እንኳ ያየው ነበር። ግን ወረቀት ስለሚያጥር ጀርባውን ለሌላ ሒሳብ ወስጄው ነበር። «ሦስተኛውን አንብቢ» የሚለኝም ሰው አልነበረም።

መወጣጫው ግንቦት ላይ አለቀ። ገረጋንቲ ለብሶ፣ ተዳምጦ፣ ሲያዩት ያምራል። ቱቦው አያ ይርዳው ባለው ቦታ ተቀበረ። ዝቅታው ግን የፊተኛው ቦታ ላይ ቀረ፤ ሰባት ሜትር ወደ መንደሩ። በዓይን የሚታይ አልነበረም። ከቱቦው በላይ ያለው መሬት ከዝቅታው የሚበልጠው ሁለት ጣት ብቻ ነው። ከሐምሌ መጀመሪያ ጀምሮ ግን ያ ሁለት ጣት ውሃ እዚያው ተኛ። በግራና በቀኝ የገበሬዎች ማኅበሩ ለሩዝ የሠራው ግድብ ስለ ነበረ መውጫ አላገኘም። ገረጋንቲው ራሰ፤ ከሥሩ ያለው ጥቁር የዋልካ አፈር አበጠ።

ጎርፉ የመጣው ነሐሴ ውስጥ፣ ከቀትር በኋላ ነው። እኔ አልነበርኩም። የነገሩኝን ነው የምጽፈው። የቁሐር ሰው ከብቱን ነድቶ ወደ መወጣጫው መጣ፤ አያ ይርዳው ቤቱ ቅርብ ስለ ሆነ ፊተኛ ነበር። ቡሬ የሚባለው በሬው ዝቅታው ላይ ሲደርስ እስከ ሆዱ ገባ። መወጣጫው አራት ሜትር ነው ስፋቱ። ከኋላ ያሉት ማለፊያ አጡና ዞሩ፤ ሲዞሩ ጎርፉ ውስጥ ነው የገቡት። አያ ይርዳውና ውዴ በሬውን ሊያወጡ ሲታገሉ አሥሩ ሄዱ። በመጨረሻ በሬውም እዚያው ሞተ። የሌሎቹ ገበሬዎች ከብት ከኋላ ስለ ነበረ አብዛኛው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ተመልሶ ተረፈ። ያለቀበት እሱ ብቻ ነው።

ውሃው በጎደለ በሦስተኛው ቀን የከፍታ መለኪያውን፣ ሌቭሉን፣ ይዤ ሄድኩ። ቀያሾቹ ጎንደር ስለ ነበሩ ዘንግ የሚይዝልኝ ሰው አልነበረም። አያ ይርዳው ከቤቱ ወጥቶ መጣና ሳልጠይቀው ዘንጉን አነሳ።

«የት ልቁም?» አለኝ።

«ከቱቦው በላይ።»

ቆመ። አነበብኩ። «አሁን ወደ መንደሩ ና። ሰባት እርምጃ።»

ቁጥር እየቆጠረ ተራመደና በሬው የተያዘበት ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ቆመ። አነበብኩ። ደግሜ አነበብኩ። የሌቭሉ መስታወት ሰውን ገልብጦ ነው የሚያሳየው፤ ዘንጉንና ጣቶቹን ተገልብጠው አየኋቸው።

«ምን ይላል?» አለኝ።

«አልጨረስኩም።»

«ውዴ አጥፊዋ እኔ ነኝ ትላለች፤ ፊት የነዳሁት እኔ ነኝ ትላለች። ምን ይላል፣ እታለም?»

«ቢሮ ሄጄ ነው የማሰላው» አልኩት። ውሸት ነበር። ሁለት ቁጥር መቀናነስ ቢሮ አያስፈልገውም።

ሪፖርቱን ጓድ ፈቃደ ጻፈው። መወጣጫው በንድፉ መሠረት መሠራቱን፣ ጉዳቱ የደረሰው ገበሬዎቹ ብዙ ከብት ባንድ ጊዜ በመንዳታቸው መሆኑን ይላል። ገልብጬ በጽሕፈት መኪና የመታሁት እኔ ነኝ። ሁለቱን ወረቀት፣ የእጅ ንድፉንና የማሽኑን፣ አጠገብ ላጠገብ አድርጌ አሳየሁት። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ በሩን ዘጋ።

«ይህን ሌላ ሰው አይቶታል?»

«አላየውም።»

«ወይዘሪት ትርንጎ፣ አውራጃው ይህን ስሕተት አይለውም። አሻጥር ነው የሚለው። አሻጥር ምን እንደሚያስከትል እኔ ልንገርሽ?»

መንገር አላስፈለገውም። ወረቀቶቹን ወስጄ ሣጥኔ ውስጥ አስገባሁ።

ከመስቀል በኋላ አያ ይርዳው ቢሮ መጣ። በዚህ ጊዜ ወደ ማሽኑ አላየም። በሬ የሌለው ሰው ለሰፈራ ይመዘገባል ተብሏል። ቀበሌው ስሙን ጽፎታል፤ የቤተሰቡ ሁሉ። ማኅበሩ ግን ከብቱ ያለቀው በእሱ ጥፋት እንዳልሆነ የሚያስረዳ ወረቀት ካመጣ ጥንድ በሬ በውሰት ሰጥቶ ያስቀረዋል።

«ጥፋቱ የመወጣጫው ነው የሚል አንድ ወረቀት» አለ። «ሁለት መስመር ትበቃለች። ማኅተም ያለባት።»

«ማኅተሙ እኔ ጋ አይደለም።»

«አንቺ ከጻፍሽው እሱ ይመታው የለ?»

«እጠይቃለሁ» አልኩት።

«ቃልሽ ነው?» አላለኝም። ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ።

ጋሼ ታፈሰ ከሆስፒታል ወጥተው ወንዛዬ ነበሩ፤ ወባው እየተመላለሰ ጉልበታቸውን አድክሞት ፍል ውሃ ታዘዘላቸው። በእሑድ ቀን የጭነት መኪና ለምኜ ሄድኩ። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ሱሪያቸውን እንደ ልማዳቸው ጠቅልለው፣ እግራቸውን ውሃው ውስጥ ነክረዋል። በጣም ከስተዋል። ጎናቸው ተቀመጥኩ። ስለ ጤናቸው ጠየቅኩ፤ ስለ ቢሮው ጠየቁኝ። ከዚያ ሁለቱን ወረቀት ሰጠኋቸው።

እንደ ጓድ ፈቃደ ብዙ አላዩትም።

«በስንት አባዛሽው?»

«አላባዛሁትም።»

አጠገባችን ሁለት ሴቶች የታመመች እናታቸውን ያጥቡ ነበር። ጋሼ ታፈሰ ወረቀቶቹን ውሃ እንዳይነካቸው አጣጥፈው መለሱልኝ።

«ከብቱ የማን ነው?»

«የአያ ይርዳው። ለሰፈራ ሊወሰድ ነው። ወረቀት ፈልጎ ነበር።»

«ታዲያ ምን ትጠይቂኛለሽ?»

«አሻጥር ይሉታል፣ ጋሼ።»

«ሊሉት ይችላሉ።» እግራቸውን ከውሃው አወጡና በነጠላቸው ጫፍ አደረቁ። «መላውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። እንደዚያ ያለ መላ ደግሞ ሰው ሲደክመው ይረሳል፤ የትም አልጻፍኩትም፣ ማሽኑ ላይ እንኳ አልለጠፍኩትም። አንቺ ከጻፍሽው ከስምሽ ሥር ስሜን እጽፋለሁ። ካልጻፍሽው ግን እኔ ቀድሜ አልጽፍብሽም። የአንቺ ነው።»

እያነከሱ መኪናው ድረስ ሸኙኝ። ስለዚህ ነገር እስኪሞቱ ድረስ ሁለተኛ አላነሱብኝም።

ያን ዕለት ማታ ጻፍኩት። ሁለት መስመር አልበቃችም፤ አምስት ሆነች። የመወጣጫው ዝቅታ ከቱቦው ሰባት ሜትር ርቆ መሠራቱን፣ ስሕተቱ የከፍታ ወረቀቱ መሆኑን፣ ወረቀቱን ያዘጋጀሁት እኔ መሆኔን ይላል። ፈረምኩበት። ሰኞ ለጓድ ፈቃደ ልሰጠው ነበር። ሰኞ ከአውራጃው እንግዶች ነበሩበት። ማክሰኞ ይሻላል አልኩ። ማክሰኞ ከቢሯችን አንድ የመኪና ጥገና ሠራተኛ ነዳጅ አባክኗል ተብሎ ወሰዱት፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን ሁሉ ስለ እሱ ስናንሾካሹክ ዋልን። ከረቡዕ እስከ ዓርብ ሣጥኑን አልከፈትኩም።

ቅዳሜ ገበያ ነው። የተከራየሁበት ቤት ባለቤት እትዬ ዘይነባ የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው፤ ከገበያ ቀደም ብለው ተመለሱ።

«የቁሐር ሰዎችን ጫኗቸው» አሉ። «መገንጠያው ላይ ሦስት መኪና ቆሞ ነበር። አንዲቱ የእርጎ ቅሏን ይዛ ነው የተሳፈረች፤ ባዶዋን። ለልጆቹ ዳቦ ገዝቼ ሰጠሁ።»

ነጠላዬን ለብሼ ሮጥኩ። መገንጠያው ላይ ስደርስ የጎማ ምልክትና የሸንኮራ ልጣጭ ነበር። ዘበኛው መኪኖቹ ወደ ባሕር ዳር ማምራታቸውን ነገረኝ። ከዚያ ወዴት እንደ ሄዱ በየጊዜው ሰው ጠይቄያለሁ። መተከል ያለኝ አለ፣ ጋምቤላ ያለኝ አለ። መንግሥት ተለውጦ ከሰፈራ የተመለሱ የፎገራ ሰዎች ሲመጡም ጠየቅኩ። አያ ይርዳውን ያየ የለም።

ወረቀቱን ያን ዕለት አቃጠልኩት። ከመፍራቴ ውጪ ሌላ ምክንያት አልነበረውም።

በተከታዩ በጋ መወጣጫው «ጥገና» በሚል ስም ፈርሶ ተሠራ። ሒሳቡን በእጄ ሠራሁት፤ መስመር በመስመር፣ ጋሼ ታፈሰ ጀርባቸውን ሰጥተው ሁሉንም አስነበቡኝ፤ ሦስተኛውን ብቻ ሳይሆን። ከዚያ በኋላ አዲስ ወረቀት ስላልመጣ ማሽኑ ቁም ሣጥን ላይ ተቀመጠ። በዓመቱ ባሕር ዳር ተዛወርኩ፤ ወደ ወረታ የተመለስኩት ጡረታ ስወጣ ነው። በኋላ የመጡትን ኮምፒዩተሮች ሁሉ ተምሬያለሁ። እያንዳንዱ የማይችለው ነገር አለው፤ መላ ሲፈጠርለት መላውን ከማሽኑ ጎን በወረቀት እንዲለጥፉ ልጆቹን አስገድድ ነበር። ጨቅጫቃ ናት ይሉኝ እንደ ነበር አውቃለሁ።

ከመዛወሬ በፊት የነበረው የመጨረሻው የወረታ ክረምቴ ነው። ርብና ጉማራ እንደገና ሞሉ። ወሬው ሲመጣ ከጓድ ፈቃደ ጋር በመኪና ሄድንና ድልድሉ ላይ ቆምን። የቁሐር ከብት በመወጣጫው ይወጣል፤ ሁለት ሁለት ሆኖ፣ እስከ ሰኮናው ብቻ እየረጠበ። ዝቅታው ላይ የወረደው ውሃ ቱቦው ውስጥ እየገባ ነው። ቆሜ አየሁት። አንድም ከብት አልቆመም።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር መጥቶ ጓድ ፈቃደን ጨበጠ። ጓድ ፈቃደ እኔን አሳየውና፣ «ሒሳቡን የሠራችው እሷ ናት» አለ። ምን አስቦ እንዳለው አላውቅም። ከከብቶቹ ኋላ ትነዳ የነበረች አንዲት አሮጊት ይህን ሰምታ ቆመች። ልብሷ እስከ ወገቧ ርሷል። አላውቃትም፤ እሷም አታውቀኝም። እጄን በሁለት እጇ ያዘችና ግንባሯ ላይ አደረገችው።

«ከብቴን አተረፍሽልኝ፣ ልጄ። ይህ እጅሽ ይባረክ። የሠራው ሁሉ ይጽና።»

ጓድ ፈቃደ ያየኛል። ሊቀ መንበሩም ያየኛል። አሮጊቷ እጄን ሳትለቅ መልሴን ትጠብቃለች።

«አሜን» አልኳት።